የሩብ ዓመቱ ሪፖርትና መርዶው

ቅጽ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው የመጨረሻውን ዓምድ ነው። ባንክ ቤትም ይሁን ክሊኒክ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ የሚለውን ሁሉ ዘልዬ በቀኝ ጠርዝ «አስተያየት» የሚል ቦታ መኖር አለመኖሩን አያለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ ቀበሌ አልሠሩም።

እኔ ሠርቻለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ሆኖ፣ ቤት መቀመጤ እናቴን ባንገሸገሻት ጊዜ የሰፈራችን ቀበሌ የእርዳታ ክፍል ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰፈሩ ልደታ፤ ቢሮው ከጌጃ ሰፈር ወደ አብነት ሲሄዱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ፣ ግድግዳው በቀይ መፈክር የተሞላ ቤት። «ክፍል» ሲሉት ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ አንድ ጠረጴዛና እኔ ነበርን። ለችግረኞችና ለዘማች ቤተሰቦች የሚመጣውን ስንዴና ዘይት የሚያድሉት ሌሎች ናቸው። የኔ ሥራ መታደሉን መጻፍ ነበር።

በየሩብ ዓመቱ ከቀበሌ በላይ ካለው መሥሪያ ቤት፣ ከፍተኛ ከምንለው፣ ቅጽ ይመጣል። ሞልተን እንመልሳለን። ሪፖርቱ ካልደረሰ የሚቀጥለው ስንዴ አይለቀቅም። አንድ ረድፍ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ወይም አንድ ተረጂ ሳይፈርም ከቀረ ሁሉም ይመለሳል። አንዲት አሮጊት ታማ መፈረም ስላልቻለች ማየት የተሳናቸው ጎረቤቷ ጦማቸውን ያድራሉ ማለት ነው። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ርቦት እንደማያውቅ እምላለሁ።

ከዓምዶቹ አንዱ «እርዳታው ያስገኘው ውጤት» ይል ነበር። ለስንዴ ምን ውጤት አለው? ይበላል፣ ያልቃል። እኔም በመጀመሪያው ሪፖርቴ በሁሉም ረድፍ ላይ «ተበላ» ብዬ ጻፍኩ። ከፍተኛው በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ መለሰው። ሊቀመንበራችን ጠርቶኝ፣ «ጓዲት፣ ‹የኑሮ መሻሻል ታይቷል› በይ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በቀበሌያችን የኑሮ መሻሻል ያልታየበት ሰው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ያለውን «አስተያየት» የሚለውን ዓምድ ግን ማንም ነክቶት አያውቅም። «የለም» ብለን ከላይ እስከ ታች እናሰምርበታለን።

ይህን የምተርከው ስለ አንዲት እናት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል፤ እኔም እዚህ እማማ እላቸዋለሁ። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው አብነት መግቢያ ላይ ጉሊት ተቀምጠው ሽንኩርትና ጎመን ሲሸጡ ያረጁ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞቷል። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ ባሏ ክፍለ ሀገር የሚሠራ፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር፤ ታናሹ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን የነበረ። በቅጹ ላይ በእማማ ረድፍ፣ «ዘማቹ ያለበት ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ሥር፣ «በግንባር ላይ» ብዬ እጽፍ ነበር።

ምላሳቸው ለማንም አይመለስም። አንድ ዓመት ለግንቦት ልደታ የእርዳታውን ስንዴ ከሽምብራ ጋር ቀቅለው መንገድ ላይ አወጡትና መንደሩን ሁሉ ንፍሮ አበሉ። ሃይማኖት የለኝም ባዩ ሊቀመንበራችንም ሲያልፍ ቆም ብሎ ሁለት እፍኝ በላ። በበነጋው እማማ ቢሮ መጥተው «ውጤት የሚለው ላይ ምን ልትጽፊ ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ምን ልበል ይላሉ?»

«‹ሊቀመንበሩም ቀምሶታል› በይ።»

አልጻፍኩትም። ዛሬ ዛሬ ብጽፈው ኖሮ እላለሁ።

ቀጥሎ ሌላ መመሪያ መጣ፤ እርዳታ የሚቀበል ሁሉ መሠረተ ትምህርት ይማር፣ ይህም በሪፖርት ይገለጽ ተባለ። ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ አስተማሪዋ እኔው ሆንኩ። እማማ ከኋላ ተቀምጠው ሲያጉረመርሙ ይውላሉ። ሀ ሐ ኀ ስጽፍላቸው እጃቸውን አወጡ። «ሀ ብቻ ሦስት ዓይነት ነው? ስንዴውን እንዲህ ቢያበዙልን ምናለ!» አሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ግን ተማሩ። ሲደናበሩ ከርመው አንድ ቀን የአውቶቡሱን ታርጋ፣ የሱቁን ማስታወቂያ፣ የግድግዳውን መፈክር እያነበቡ ሰውን መከራ ማሳየት ጀመሩ። የምስክር ወረቀት ሲሰጣቸው ሊቀመንበሩ ራሱ አጨበጨበ፤ እጃቸውን ሲጨብጥ የተነሳው ፎቶ በቢሮው ከወንበሩ ጀርባ ተሰቀለ።

ከዚያ በኋላ እማማ አሻራ ማድረግ ተከለከሉ። የምስክር ወረቀት ካለው ሰው ስም ትይዩ የጣት አሻራ ከተገኘ የመሠረተ ትምህርቱ ሪፖርት ሐሰት ነው ይባላል። ስለዚህ በየሩብ ዓመቱ ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል ነክሰው፣ እስክሪብቶውን እንደ ቢላዋ ጨብጠው ስማቸውን ይጽፋሉ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይቆጣል። እሳቸው አይሰሙም። ደግሞ ሳያነቡ አይፈርሙም፤ «ሳታነቡ አትፈርሙ» ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ጠራኝና በሩን ዘጋው። ከጦሩ የመጣ ወረቀት ይዞ ነበር። የእማማ ልጅ ተሰውቷል። ሊቀመንበሩ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር እንጂ። ልጁን ኳስ ሲጫወት ያውቀዋል። ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው። በመጨረሻ «ለእድሩ ዳኛ ንገሪ» አለኝ።

በኛ አገር ሞት ለባለቤቱ እንደ ደብዳቤ አይታደልም። የሚናገር ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይጠራል፣ የሚወድቁትን የሚይዝ ጎረቤት ይዘጋጃል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሂዶ መርዶው ይነገራል። የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ የእህቱ ቀን ደርሷል። በዚህ ሰሞን ብናረዳ ሁለት ለቅሶ ነው የምንቀመጠው። ትውለድ፤ ሕፃኑም ክርስትና ይነሳ። አራስ ቤት መርዶ አይገባም።»

«እስከዚያስ ጋሼ?»

«እስከዚያማ ሆድ ይፍጀው።»

ሆድ ፈጀው። እህትየዋ በሰላም ተገላገለች። ወንድ ቢሆን ክርስትናው ቶሎ በደረሰ፤ ሴት ሆነችና ራቀ። እማማ በደስታ ጉሊታቸውን ትተው እየሮጡ ገንፎ ያገነፋሉ፣ ተመልሰው ይሸጣሉ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቁት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ሰው የሚያደርገው ሲጠፋው ሽንኩርት መግዛት ጀመረ። ጠዋት የገዛች ሴት ማታ ትመለሳለች። እኔ ራሴ እናቴ «ምን ልናደርገው ነው?» እስክትል ድረስ ቤታችንን በሽንኩርት ሞላሁት። እማማ ገበያው ስለደራላቸው ዘፈን ቢጤ ያንጎራጉሩ ነበር። ያንን ሳይ ወደ ቤቴ በሌላ መንገድ መዞር ጀመርኩ፤ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ደረሰ፤ ከአዲስ መመሪያ ጋር። የተሰዉ ዘማቾች ቤተሰቦች ለብቻቸው በተዘጋጀ ቅጽ እንዲመዘገቡ ታዟል። ቅጹ ከላይ በትልልቅ ፊደል «የተሰዉ ዘማቾች ቤተሰብ» ይላል። የሟቹ ስም አለ፤ ከስሙ ትይዩ ተረጂዋ ራሷ መፈረም አለባት። የሟቾቹ ዝርዝር ቀድሞ ለከፍተኛው ደርሶታል፤ የኛ ቁጥር ከሱ ቁጥር ካልተስማማ ሪፖርቱ ይመለሳል።

«አስፈርሚያቸው» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ያነባሉ እኮ።»

«ማን አስተማራቸው?» ብሎ ጮኸ።

ከጀርባው የተሰቀለውን ፎቶ አየሁት። እሱም ዞሮ አየው።

«እንግዲያው አሻራ ይሁን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የምስክር ወረቀት አላቸው። መመሪያውን ያነበቡልን እርስዎ ነዎት።»

«ርዕሱን በማስመሪያ ሸፍነሽ አስፈርሚ።»

«‹ማስመሪያውን አንሺ› ይሉኛል።»

አንዱ ሪፖርት እማማ ማንበብ ይችላሉ ይላል፤ ሌላው ሪፖርት ማንበብ ባይችሉ ይሻለው ነበር። ሁለቱን ማስማማት አራምባና ቆቦ ሆነብን። ነገሩ ሲጠቃለል ይኼው ነው፤ ወይ እማማ የልጃቸውን ሞት ከኔ ጠረጴዛ ላይ፣ የተሰለፈው ሕዝብ ከኋላቸው እየገፋ፣ ፊደል በፊደል ሊያነቡት፤ ወይ ሪፖርቱ ሊቀርና የቀበሌው ችግረኛ ሁሉ ያለ ስንዴ ሊከርም። ተናደድኩ። በሊቀመንበሩም፣ በቅጹም፣ ፊደል በማስተማሬም ጭምር። የእድሩን ዳኛ መርዶውን አፋጥኑ ልላቸው አስቤ ነበር። ከቤታቸው ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ፤ አራሷ ገና ከአልጋ አልወረደችም።

ቅጹን ይዤ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል በእግሬ ወደ ከፍተኛው ሄድኩ። የቀዩን እስክሪብቶ ባለቤት አይቼው አላውቅም ነበር። ክፉ ፊት ያለው ሰው ነበር የጠበቅኩት። መነጽሩን በክር ያሰረ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደ፣ ከወረቀት ክምር መሃል የተቀመጠ ሰው አገኘሁ።

ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣሁ ስነግረው፣ «ቀበሌያችሁ ለምን አልመለሰም?» አለኝ ቀና ሳይል።

«አንዲት እናት መርዶ አልተነገራቸውም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«የልጁ እህት አራስ ናት። ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሳ ነው።»

«ምን ወለደች?»

«ሴት።»

«እንግዲያው ገና ነዋ» አለ። ከዚያ ተነስቶ መሳቢያ ከፈተ። ከየቀበሌው ዘግይተው የመጡና ከነጭራሹ ያልተሟሉ ሪፖርቶች ነበሩ፤ በቀይ ተሰምሮባቸዋል። አንዳንዱን እያነሳ ስም የጎደለበትን ረድፍ አየ። «እነዚህም ለዚህ ይሆን?» አለ፤ ለኔ ሳይሆን ለራሱ። እኔን የረሳኝ መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው ልደታ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ፤ በየሰፈሩ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው አለ ማለት ነው።

«እናትየዋ በድሮው ቅጽ ላይ ይቆዩ» አለ በመጨረሻ። «አስተያየት የሚለው ላይ ምክንያቱን ጻፊ። ሴትዮዋ ከፈረሙ በኋላ ግን፤ ሲፈርሙ ባዶ ይሁን። ደግሞ ቃሉን እንዳታሳምሪው። እንዳለ ጻፊው።»

እማማ መጡ። የድሮውን ቅጽ ሰጠኋቸው። ጣታቸውን እያስኬዱ «በግን-ባር ላይ» ብለው አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ከመቀነታቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። ለልጃቸው በገዛ እጃቸው የጀመሩት ደብዳቤ ነው። ስህተት ካለ እንድነግራቸው ፈልገው ነው። ፊደሎቹ አንዱ ተራራ ላይ፣ አንዱ ሸለቆ ውስጥ ነበሩ። ከሰላምታው ቀጥሎ «አጎት ሆንክ» ይላል።

«ትክክል ነው ወይ?» አሉኝ።

«ትክክል ነው እማማ።»

«እንዲያ ከሆነ አንቺን አያስፈልገኝም፤ ቀሪውን ራሴ እጨርሰዋለሁ» ብለው እየሳቁ ወጡ። እኔ ቀጥሎ የተሰለፈውን ሰው ትንሽ ይጠብቁኝ ብዬ ጓሮ ወጣሁና አለቀስኩ። ተመልሼ በእማማ ረድፍ፣ ማንም ጽፎበት በማያውቀው ዓምድ ውስጥ፣ «መርዶ ያልተነገራቸው» ብዬ ጻፍኩ።

ስንዴው ተለቀቀ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቀበሌ ጸሐፊዎች ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ተጠርተን ሳለ አንዲት የማላውቃት ልጅ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «እናንተ መርዶ ያልተነገራቸው ስንት አላችሁ?» አለችኝ። ስለ ዘይት እንደምትጠይቅ ነበር የተናገረችው። በውስጤ ሰደብኳት። በኋላ ሳስበው እሷም ጓሮ የምትወጣበት ቀን ይኖር ይሆናል።

ሕፃኗ ክርስትና ተነሳች። በሳምንቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የእድሩ ዳኛ ከፊት ሆነው ወደ እማማ ቤት ሄድን። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ነጠላ አዘቅዝቆ የቆመውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አዩ፤ ዳኛው አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኹ። ስለዚያ ጠዋት ሌላ አልጽፍም። ቀን ላይ ለለቅሶኛው ንፍሮ ተቀቀለ፤ ስንዴው ያው የእርዳታው ስንዴ ነበር።

ቀጣዩ ሩብ ዓመት ሲደርስ እማማ በጥቁር ልብስ ቢሮ መጡ። ሊቀመንበሩ ያን ቀን ሌላ ጉዳይ አግኝቶ ወጥቷል። የተሰለፉት ሰዎች ማንም ሳያዛቸው ወደ ውጭ ወጡና እማማ ብቻቸውን ተቀመጡ። አዲሱን ቅጽ አቀረብኩላቸው። ጣታቸውን ርዕሱ ላይ አደረጉ። «የ-ተ-ሰ-ዉ» አሉ፤ እዚያ ላይ ቆሙ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ስም ሄዱ፤ እሱን ሳይቆራርጡ አነበቡት።

«ያለፈውን አሳዪኝ» አሉኝ።

«የትኛውን?»

«ባለፈው የፈረምኩበትን።»

ከፍተኛው ጋር ነው ማለት እችል ነበር። ግን ግልባጩ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ እሳቸውን ደግሞ መዋሸት ሰልችቶኛል። አውጥቼ ሰጠኋቸው። ፊርማቸውን አገኙ። ከፊርማቸው ቀጥለው ወደ ቀኝ ሄዱና እኔ የጻፍኩትን በቀስታ አነበቡ፤ ሁለት ጊዜ።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ ነው እማማ።»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር?»

«አዎ።»

መስኮቱን አሻግረው ወደ መንገዱ አዩ። «ለካ ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሽንኩርት የተሸመተው» አሉ። «እኔ ደግሞ ገበያ መስሎኝ… በትርፉ ሹራብ ገዛሁለት። ሰሜን ብርድ ነው ብዬ።»

ምን ይባላል? እስክሪብቶውን ገፋ አድርጌ አቀረብኩላቸው። አላነሱትም።

«ቀለሙን አምጪ» አሉኝ።

«መፈረም ይችላሉ እኮ እማማ።»

«እችላለሁ። ለዚህ ግን አልጽፍም። እኔ ፊደል የተማርኩት ‹አጎት ሆንክ› ልለው ነው።»

የማኅተሙን ቀለም ከፈትኩላቸው። አውራ ጣታቸውን ነክረው ከልጃቸው ስም ትይዩ አሳረፉትና ብዙ ጊዜ ሳያነሱት ቆዩ። ሲነሱ ጣታቸውን በጥቁሩ ቀሚሳቸው ጠርገው፣ ሳይሰናበቱኝ ወጡ።

ሊቀመንበሩ አሻራውን ሲያይ «ይመለስብናል!» ብሎ ራሱን ያዘ። እኔ በአስተያየት ዓምድ ውስጥ፣ እንዳለ፣ ቃሉን ሳላሳምር፣ «መጻፍ ይችላሉ፤ አልፈለጉም» ብዬ ጻፍኩና ለከፍተኛው ላክሁት። ቅጹ አልተመለሰም።